ችካል ከመተከሉ አስቀድሞ

በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደ ተማርነው፣ እግዚአብሔር በዕለተ ሠሉስ ምድርን አዝዞ ያስገኛቸው ዕፀዋት በሦስት ይከፈላሉ፤ ይኸውም በእጅ የሚለቀሙ፣ በማጭድ የሚታጨዱና በምሣር የሚቈረጡ ተብለው ነው። አባቶቻችን ይህን ሲያስተምሩ ዕፀዋቱን የለዩአቸው ሰው በሚደርስባቸው መሣሪያ ነበር። እጅ ጐመኑን ከአረሙ ለይቶ ይለቅማል፤ ማጭድ የደረሰውን ካልደረሰው ለይቶ ያጭዳል፤ ምሣርም ቢሆን አንዱን ዛፍ ሲጥል ሌላውን ይተወዋል። በእኛ ዘመን ግን አራተኛ መሣሪያ መጥቷል፤ እርሱም ዶዘር ነው። ዶዘር የሚለቀመውንም፣ የሚታጨደውንም፣ የሚቈረጠውንም ከነአፈሩ በአንድ ጊዜ ጠርጎ ይሄዳል። መለየት ለእርሱ አልተሰጠውም፤ ስለዚህ የሚለይ ሰው ከዶዘሩ ቀድሞ በመሬቱ ላይ መገኘት አለበት።

ክቡራን አንባብያን፣ ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ይህ ነው። መሬት ለፋብሪካ፣ ለመንገድ ወይም ለመኖሪያ ቤት ከመሰጠቱ በፊት በላዩ የሚበቅለውን መርምሮ መቍጠር፣ ከዚህም ውስጥ ብርቅ የሆነውን ለመጠበቅ፣ ወራሪ የሆነውን ደግሞ ለመግታት መዘጋጀት ማለት ነው። ነገሩ ለሩቅ አገር ሊቃውንት ብቻ የተተወ እንዳይመስላችሁ የምንናገረው ስለ ሰሜን ሸዋ፣ ስለ ደብረ ብርሃንና ስለ አንኮበር ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በእኛ አቈጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ደብረ ብርሃን በ15ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቈረቈረች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ለብዙ ዘመን የታወቀችው በብርዷ፣ በበጓና በገብሷ ነበር፤ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካም ይህንኑ የበግ ሀብት ተከትሎ የመጣ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የከተማይቱ መልክ ፈጽሞ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል፤ ቀድሞ ገብስና ባቄላ ይዘራበት የነበረው ማሳ፣ በግ ይሰማራበት የነበረውም መስክ በብዙ ስፍራ የፋብሪካ ቅጥር ግቢ ሆኗል። ለልጆቻችን ሥራ የሚያስገኝ ነውና ይህን የሚነቅፍ ብልህ ሰው አይገኝም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ቀያሹ ችካሉን በሚተክልበት መሬት ላይ ምን ይበቅል እንደ ነበረ ማን ጽፎ አስቀርቷል?

ይህን ጥያቄ ከንቱ የማያደርግ አንድ ምስክር ከዚያው ከመስኩ እናምጣ። እሬትን የማያውቅ ሰው የለም፤ መራራ ነገር ሁሉ የሚመሰለው በእርሱ ነው። ነገር ግን እሬት አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይደለ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። በኢትዮጵያ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሌላ አገር የሉም። ከእነዚህ አንዱ ስስ አፈር ባለበት፣ ከሥሩ ጥቁር ድንጋይ በተነጠፈበት የደጋ ሣር መስክ ላይ የሚበቅል ነው። ክርስቲያን የሚባል የእሬት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1947 ለዓለም ሲያስታውቀው በከተማችን ስም «አሎኤ ደብራና» ብሎ ሰየመው። ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ ሬይኖልድስ የሚባል ሌላ ሊቅ ሌላ ዓይነት ያገኘ መስሎት «አሎኤ ብርሃና» አለው። ኋላ ደርቀው የተቀመጡት ናሙናዎች ሲመሳከሩ ሁለቱ አንድ ዕፅ ሆነው ተገኙ፤ በሕጉ መሠረትም የቀደመው ስም ጸና። እንግዲህ ደብረ ብርሃን ስሟ ሁለት ጊዜ በዓለም የዕፀዋት መዝገብ ተጽፏል ማለት ነው፤ ያውም በሬ ስቶ በሚያልፈው፣ ብዙዎቻችን ሳናየው በምንረግጠው በአንድ እሬት ምክንያት።

ሁለተኛው ምስክር ደግሞ ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከአንኮበር ይመጣል። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መዲና ስለ ነበረች፣ በዕፅ ምርመራም ቢሆን ቀድሞ የተጐበኘች አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ በነበረው በካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ቡድን ውስጥ ሮት የሚባል የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበረ፤ እርሱም ዕፀዋትንና እንስሳትን ይሰበስብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት በዚያ አልፈዋል። ሆኖም ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው አፋፍ፣ ግንዱን ከገደሉ ወደ ታች አንጠልጥሎ የሚያድገው እሬት ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ስሙን ያወጡለት ጊልበርትና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ሲሆኑ፣ «አሎኤ አንኮቤሬንሲስ»፣ ማለትም የአንኮበር እሬት አሉት። ከሮት እስከ እነርሱ ከ150 ዓመት በላይ አልፏል። እንዲሁም በዚያው በአንኮበር ገደላ ገደል የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ሲሆን፣ ከ3 ዓመት በኋላ በይፋ ስትሰየም የአንኮበርን ስም ይዛለች።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ቁም ነገር አለ። ነገሥታት የተቀመጡበት፣ የውጭ አገር መልእክተኞች የተመላለሱበት አገር ይህን ያህል ዘመን የራሱን ዕፅና የራሱን ወፍ ሰውሮ ካቈየ፣ ማንም ያልመረመረው ሜዳ ምን እንደ ያዘ «ምንም የለበትም» ብሎ የሚፈርም ሰው በምን ዕውቀቱ ይፈርማል? የአንኮበር እሬት ስም ሳይወጣለት በፊት መንገድ ሲቈረጥ ያ ገደል ተንዶ ቢሆን ኖሮ፣ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ ባልተገኘም ነበር።

ይህ ፍርሃት ባዶ እንዳይደለ በሌላ አገር የሆነውን እንመልከት። በሰሜን አሜሪካ፣ በሜን ግዛት፣ ኬት ፈርቢሽ የምትባል ሴት ዕድሜዋን ሁሉ የአገሯን አበቦች በመሰብሰብና በመሣል አሳልፋለች። እ.ኤ.አ. በ1880 በቅዱስ ዮሐንስ ወንዝ ዳር አንዲት የማትታወቅ አበባ አገኘች፤ አበባዪቱም በስሟ ተጠራች። ከጊዜ በኋላ ግን ያቺ አበባ ከምድር ጠፍታለች ተብሎ ተቈጠረ። በወንዙ ላይ ትልቅ ግድብ እንዲሠራ በታሰበ ጊዜ፣ ከሥራው በፊት የአካባቢው ዕፀዋት እንዲመረመሩ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 መርማሪዎቹ የጠፋችውን አበባ ውኃው ሊውጠው በተዘጋጀው ወንዝ ዳር በቅላ አገኟት። ግድቡ በብዙ ምክንያት ሳይሠራ ቀርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 ፈቃዱ ተሰረዘ። ልናስተውለው የሚገባን ግን ይህን ነው፤ አበባዪቱን የተገኘች ያደረጋት በግንባታው ዋዜማ የተደረገው ምርመራ ነው። ምርመራው ባይኖር ከሞት የተረፈችው አበባ ሞታለች እንደ ተባለች በእውነት ትሞት ነበር።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይደረጋል? በመጀመሪያ ወቅቱን ማወቅ ያሻል። ይህን ለመረዳት አደይ አበባን ማሰብ ይበቃል። በመስከረም ወር መስኩን ሁሉ ወርቅ ያለበሰው አደይ፣ በመጋቢት የሚፈልገው ሰው ቢመጣ ደረቅ ሣርና ዐቧራ እንጂ ሌላ አያገኝም። በበጋ የተላከ መርማሪ በቅን ልቡና «በዚህ መሬት አደይ የለም» ብሎ ቢጽፍ፣ ጽሑፉ ሐሰት የሚሆነው መርማሪው ስለ ዋሸ ሳይሆን ወቅቱን ስለ ሳተ ነው። ከአፈር በታች በኮረታቸው የሚያሳልፉ፣ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ብቅ የሚሉ ዕፀዋት ብዙ ናቸው። ልዩ ልዩ የማገጥ ዓይነቶችም የሚለዩት ሲያብቡ ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንዱ ጕብኝት ክረምቱ ሲወጣ፣ ሌላው በበልግ ወይም በበጋ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ነገር አካሄዱ ነው። መርማሪዎች መሬቱን በዐይን ገረፍ አድርገው አያልፉም። በመስመር እየሄዱ በየተወሰነ ርቀቱ በገመድ አራት ማዕዘን ይከልላሉ፤ ዛፍ ባለበት ስፍራ ሰፊ፣ ለሣርና ለቅጠላ ቅጠል ደግሞ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ክልል ያበጃሉ። በክልሉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ዓይነት ይቈጥራሉ፤ ስፍራውንና ከፍታውን በጂፒኤስ ይመዘግባሉ። ያልታወቃቸውን ዕፅ ከነአበባው ቈርጠው በጋዜጣ መካከል አድርገው በማተሚያ ያደርቃሉ፤ በላዩም ቀኑን፣ ቦታውን፣ የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ስም ይጽፋሉ። ይህ ናሙና የሚመሳከረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በተቋቋመው ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። ሄርባሪየም የደረቁ ዕፀዋት ቤተ መዛግብት ማለት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ሁሉ የተገለጹበት ታላቅ መጽሐፍም እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጽሟል፤ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዓይነቶች ተመዝግበውበታል፤ ከእነርሱም ከአሥሩ አንዱ ያህል በሌላ ዓለም የማይገኝ ነው። መጽሐፉ ስላለ ምርመራው ዛሬ እንደ ቀድሞው ጭንቅ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ቍጥር ብቻውን እንደማይበቃ ማወቅ ነው። የኮሶን ዛፍ ብንወስድ ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ናቸው፤ ለመድኃኒት የምትፈለገውም የሴቴዪቱ አበባ ናት። በአንድ ሸለቆ 10 የኮሶ ዛፎች ተቈጥረው 10ሩም ወንዴ ቢሆኑ፣ በወረቀት ላይ ኮሶ አለ፤ በእውነቱ ግን ዘር የለም። ጅብራም እንዲሁ ነው። ለብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ እያበዛ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። ሊያብብ አንድ ዓመት የቀረውን ጅብራ መቍረጥና ዘሩን የበተነውን መቍረጥ በቍጥር አንድ ቢሆኑም በጥፋት አይስተካከሉም።

አራተኛው ነገር የአገሬውን ሰው መጠየቅ ነው። እረኛው ከብቱ የማይበላውን ያውቃል፤ እናት ለጨጓራ፣ ለሳልና ለጕንፋን የምትቀቅለውን ጦስኝ የትኛው ተዳፋት ላይ እንደምታገኘው ታውቃለች፤ ጦስኝም ከደጋችን ሀብቶች አንዱ ነው። መድኃኒት አዋቂ የሆኑ አባቶች ግን የሚያውቁትን ለማንም ሲገልጹ ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። መርማሪው ሊመዘግብ የሚገባው ዕፁ በስፍራው መኖሩን ነው፤ አዘገጃጀቱን ማውጣት ግዴታው አይደለም። የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳይወሰድ በ1998 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 482 ሥርዐት አበጅቶለታል።

እስካሁን የተናገርነው ስለሚጠበቀው ነው፤ አሁን ወደሚገታው እንለፍ። መሬት ሲቈፈር የሚሄድ ብቻ ሳይሆን የሚመጣም አለና። በአገራችን የታወቁትን ወራሪ አረሞች ታሪክ ብንመረምር ሁሉም በሰው እጅ ወይም በሰው ዕቃ ተጭነው የገቡ ናቸው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ በአበባው ውበት ተወዶ በየዓለሙ የተበተነ የውኃ አረም ነው፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ወንዝ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በጣና ሐይቅ ተገኝቶ ሕዝቡን በእጁ እስከ መንቀል አደረሰው። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ በረሃውን እንዲያለማ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአፋር ምድር ተተከለ፤ ከብት ፍሬውን በልቶ ዘሩን በእበቱ እየዘራ፣ ዛፉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሆነ የአፋር መሬት ወርሯል። ፓርቲኒየም የሚባለው ነጭ አበባ ያለው አረም እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በድሬ ዳዋና በሐረርጌ ታየ፤ ከእርዳታ እህል ጋር እንደ ገባ ይታመናል። አንዲቱ ተክል እስከ 25,000 ዘር ልታፈራ ትችላለች፤ ሰብልን ታቀጭጫለች፤ የበላቻትን ላም ወተት ታመርራለች፤ የነካትን ሰው ቈዳ ታሳክካለች፤ ትንፋሽም ታስቸግራለች።

የአንኮበር ሰው «ይህ ሁሉ የቆላ በሽታ ነው፤ ደጋ ምን አገባው?» ሊል ይችላል። ነገር ግን የሰሜን ሸዋን አቀማመጥ እናስተውል። ከአንኮበር አፋፍ ወርዶ ወደ አልዩ አምባና ከዚያም ወደ አፋር ሜዳ የሚያደርሰው መንገድ የጥንት የንግድ መንገድ ነው፤ ጨው በዚያ ወጥቷል፤ እህል በዚያ ወርዷል። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በሸዋ ሮቢት አልፎ ወደ ደሴ የሚሄደው አውራ ጎዳና ደግሞ በቀንና በሌሊት ገልባጭ መኪና ይመላለስበታል። ደጋና ቆላ እንዲህ በተያያዙበት አገር የአረም ዘር ለመውጣት እግር አያስፈልገውም፤ ጎማ ይበቃዋል። ለመንገድ የሚደለደለው ገረጋንቲ ከየት ተዛቀ? የዶዘሩ ሰንሰለት ባለፈው ወር በየትኛው ማሳ ነበረ? ለሠራተኞቹ በቅሎና ለከብቱ የመጣው ድርቆሽ ከወዴት ታጨደ? የተቈፈረና የተራቈተ አፈር ደግሞ ለአረም የተዘጋጀ አልጋ ነው። ሣሩ ባልተነካበት መስክ ስፍራ የሚያጣው እንግዳ አረም፣ ሣሩ በተገፈፈበት ቦታ ማንም ሳይከለክለው ይተኛል።

በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ምዕት ዓመት ለአትክልት ቦታ ጌጥ ከጃፓን የመጣ አንድ ተክል አለ። ዛሬ የአስፋልትና የኮንክሪት ስንጥቅ እየተከተለ ይወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ ሕግም በሜዳ እንዳይተከል ተከልክሏል። ስለዚህ በዚያ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ከመሠረቱ በፊት ይህ ተክል በመሬቱ ላይ እንዳለና እንደሌለ ያስመረምራል፤ ካለ፣ አፈሩን ወደ ሌላ ስፍራ እንዲሁ አያግዝም። አረሙን በ10 ክንድ መሬት ላይ ሳለ መንቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በ10 ጋሻ ላይ ከተበተነ ግን የልጅ ልጅ ዕዳ ይሆናል።

በወንጌል የተጻፈውን የእንክርዳዱን ምሳሌ ሁላችን እናውቀዋለን። እንክርዳዱ የተዘራው ሰዎች ተኝተው ሳሉ ነው፤ አገልጋዮቹም ለመንቀል ሲቸኵሉ ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉ ተከልክለዋል። የምሳሌው ምሥጢር ከእርሻ የራቀ መሆኑን መምህራን ያስተምሩናል፤ ይሁንና ለገበሬም የሚሆን ምክር በውስጡ አለ። ዕፁን ሳይለዩ የሚደረግ የአረም ዘመቻ፣ መጤውን ነቅዬ ልጣል ሲል የአገሩን ብርቅ ዕፅ አብሮ ይነቅላል። ብርቁን የመጠበቅና ወራሪውን የመግታት ሥራ በአንድ መዝገብ የሚጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 የልማት ሥራ አካባቢን የሚያጠፋ እንዳይሆን፣ ሕዝቡም በቀጥታ በሚመለከተው ሥራ ላይ እንዲመክር መብት ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 299 ደግሞ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይጀመር ደነገገ። እንግዲህ መንገዱ ተጠርጓል፤ የሚጐድለው በመንገዱ መሄድ ነው። ግምገማ የተባለው ወረቀት የሌላውን አካባቢ ቃል ገልብጦ «በስፍራው ጥቂት ቍጥቋጦና ሣር ይገኛል» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ በፊደል ተፈጽሞ በግብር ቀርቷል ማለት ነው።

ብርቅ ዕፅ ሲገኝ የሚደረገውም በቅደም ተከተል የታወቀ ነው። መጀመሪያ የሚሞከረው ሥራውን ከዕፁ ማራቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ አጥሩን ጥቂት ሜትር ማዛወር ወይም ቍራጭ መሬት ለአረንጓዴ ስፍራ መተው ይበቃል። ይህ ካልሆነ ጉዳቱን ማሳነስ ይከተላል። ዘሩን ለቅሞ ማስቀመጥም ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም የጂን ባንክ አለው። ነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ግን የመጨረሻው ነው፤ ስስ አፈርና ጥቁር ድንጋይ የለመደ እሬት በለምለም ጓሮ ሲተከል ብዙ ጊዜ አይጸናምና። ወራሪ አረም ሲገኝ ደግሞ ከማበቡ በፊት ይነቀላል፤ አፈሩ ከስፍራው አይወጣም፤ መኪናና ዶዘር ታጥበው ይገባሉ፣ ታጥበውም ይወጣሉ፤ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ስለሚቈይ ክትትሉ ከግንባታው በኋላም በየክረምቱ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ ሳለ እናንተ ስለ እሬት ታወራላችሁ?» ቢሉ ቍጣቸው በአግባቡ ነው። መልሳችንም በትሕትና ይህ ነው። አባቴ፣ የዕፅ ምርመራ የሚጠይቀው ጥቂት ባለሙያና የአንድ ዓመት ወቅቶችን ነው፤ የፋብሪካው ዕቅድና ገንዘብ እስኪሰናዳ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሄዱ ልጅዎ አንድ ቀን ሥራ አይዘገይበትም። ያልተመረመረ አረም ከገረጋንቲው ጋር ወጥቶ በተረፈው ማሳዎ ላይ ቢሰፍር ግን፣ አንዱ ልጅ በፋብሪካ ያገኘውን ሌላው ልጅ በእርሻ ያጣዋል። መሬቱን ለቅቆ ካሳ የተቀበለ ገበሬም ቢሆን፣ የከብት መኖውና የመድኃኒቱ ስፍራ በካሳው ውስጥ ይታሰብ ዘንድ አስቀድሞ መቈጠር ነበረበት፤ ያልተቈጠረ ነገር አይከፈልበትም።

ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ይህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው በመናገሻ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል፤ ወፍ ዋሻም እስከ ዛሬ በአንኮበርና በደብረ ሲና አካባቢ አፋፍ ላይ የጽድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ መጠለያ ሆኖ ቈይቷል። በዙሪያው ያለው ምድር ሁሉ ሲራቈት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የቀረው ደን ብቻ ያለፈውን ይመሰክራል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ አግኝተዋል። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንግዲህ አንድ መሬት ከመታረሱና ከመገንባቱ በፊት ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚነበብበት ሕያው መጽሐፍ ነው።

ነገር ግን ሌላውን ከመምከራችን በፊት ራሳችንን እንመርምር። አዲስ አዳራሽ ሲሠራ፣ የሚከራይ ሱቅ በቅጥሩ ዳር ሲቆም፣ የግንብ አጥር ሲዘረጋ፣ በስንቱ ደብር ነው የሚቈረጠው ዛፍ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ የተጻፈው? የወደቀውን ወይራ ለመተካት ባሕር ዛፍ ስንተክል ቍጥሩ ተስተካከለ እንላለን፤ ወይራው ግን አልተመለሰም። ሰበካ ጉባኤው የግንባታ ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ ዕፀዋቱን ዞረው የሚመዘግቡ ሁለት ሰዎችን፣ ማለትም አንድ የሚያውቁ አረጋዊና አንድ ጽሕፈት የሚችል ወጣት አብሮ ቢመርጥ ወጪው ከአንድ ደብተር አይበልጥም።

በየቤታችንም የምንሠራው አለ። ልጆች በ4 ዐምድ የተሰመረ ደብተር ይያዙ፤ በአንደኛው የዕፁን ስም አያት እንደምትጠራው፣ በሁለተኛው ስፍራውን፣ በሦስተኛው ቀኑን፣ በአራተኛው ጥቅሙን ወይም ጉዳቱን ይጻፉ። ከማይታወቀው ዕፅ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከነአበባው በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርገው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ እንዳይሻግት ወረቀቱን በየቀኑ ይለውጡ። አንድ ብቻውን የቆመውን ዕፅ ግን አይቍረጡ፤ ሥዕሉን ይሣሉ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ያንሡ። ደብተሩን በትምህርት ቤት ለሥነ ሕይወት መምህራቸው ያሳዩ።

አዋቂዎች ደግሞ ስለ መሬት ስብሰባ በተጠራን ጊዜ ስለ ካሳው ከጠየቅን በኋላ ሦስት ጥያቄ እንጨምር። ይህ መሬት በመስከረም ተመርምሯልን? የተገኙትን ዕፀዋት ማን ለየ፣ ናሙናቸውስ የት ተቀመጠ? ገረጋንቲው ከየት ይመጣል፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ለሚቀጥሉት ክረምቶች አረሙን የሚከታተለው ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ባለ ሥልጣን ጠያቂውን ያመሰግናል፤ መልስ የሌለውም መልስ ይዞ ለመምጣት ጊዜ ያገኛል።

አደይ ሊፈነዳ ሲቃረብ፣ ልጆች ለዕንቍጣጣሽ እቅፍ አበባ ሊለቅሙ ወደ መስኩ ሲወጡ፣ ዘንድሮ ደብተሩንም ይዘው ይውጡ፤ አያታቸውም የሚችሉ ከሆነ አብረው ይሂዱ። በዚያ መስክ ችካል ተተክሎ ቢያገኙ እንኳ ዶዘሩ እስኪመጣ ድረስ ለመጻፍ ጊዜ አለ።